ይሄን ማን ነው የነካው?

መኪናው ጋራዥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን ወግ ባያነብ ምንም አይቀርበትም። ለቀረነው ግን ጥያቄዋ የታወቀች ናት። መካኒኩ የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል። ዝም ይላል። ረዳቱም አብሮት ዝም ይላል። ከዚያ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የነካው?» ይላል።

ምን ተብሎ ይመለሳል? ስም ብነግረው አያውቀውም። ካወቀው ደግሞ ይብሳል፤ «እሱ? እሱ ነው መኪናህን የነካው?» ብሎ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል። «ማንም አልነካውም» ብል ደግሞ ውሸታም ነኝ፤ ምክንያቱም ይህን መኪና ያልነካው ሰው በአዲስ አበባ ያለ አይመስለኝም።

መኪናው የባለቤቴ አባት ንብረት ነው። ከመገናኛ ፒያሳ ሲመላለስ የኖረ ሃይስ ታክሲ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ነጭ ተቀባ፤ በሩ ሲከፈት ግን ሰማያዊው ከሥር ብቅ ይላል። ባለቤቴ ድሬዳዋ ተዛወረች፤ ለዕቃ መጫኛ አይሱዙ ጠየቅን፤ ዋጋውን የሰሙት አባቷ «መኪና ቆሞ እያለ ለሰው መኪና ብር ይከፈላል እንዴ?» አሉ። መቆሙን ቆሟል። ጎማው ሥር ጎመን ተተክሎ ነበር።

«ሸጠህ ሌላ ግዛ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ ተሽከርካሪ ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ፣ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ መኪና ሁሉ ከቁራሌው አምልጦ ቅርስ ሆኗል። ቅርስ ደግሞ አይጣልም፤ ይጠገናል።

ጥገናው በደህና ነው የተጀመረው። አየር ስቦ ነበርና አየሩ ወጣ፤ ካንዴሌታው ተለወጠ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሰፈሩ በጭስ ተሸፈነ። ከዚያ ማሞቅ ጀመረ። የሙቀት ነገር ሲነሣ ደግሞ ቴርሞስታት መምጣቷ አይቀርም። ይቺ ትንሽ ዕቃ ሞተሩ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ የራዲያተሩን ውሃ ዘግታ ትይዛለች፤ ሲሞቅ ትለቃለች። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው፤ ግን የእሷን ያህል ጠላት ያለው ዕቃ አላየሁም። የመጀመሪያው መካኒክ «ይቺን ማን ነው የተዋት? የምታሞቀው እሷ ናት፤ ለእኛ አገር አትሆንም» ብሎ አወጣት። ሁለተኛው «ይቺን ማን ነው ያወጣት?» ብሎ ሶማሌ ተራ ልኮ ሌላ አስገዛኝ። ሦስተኛው ክዳኑን ፈቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከታትና «ጋሼ፣ ይቺን ማን ነው የመለሳት?» አለ። በምትፈታበትም በምትታሰርበትም ቀን የእጅ ዋጋ አለ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን የማልሰማበት ቦታ ጠፋ። ቧንቧ ሠራተኛው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይጠይቃታል። ፀጉር አስተካካዩ ማጅራቴን በጣቱ ዳሶ ይጠይቃታል። የጥርስ ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ ይጠይቀኛል፤ በተከፈተ አፍ መልስ ከየት ይመጣል? ሰፈራችን ውስጥ አንዱ መሥሪያ ቤት ለውሃ የቆፈረውን አንዱ ለመብራት ሲቆፍር፣ ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ስለ ቀደሙት ቆፋሪዎች ሙያ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ነገሩን ካሰፋነውማ ማቆሚያ የለውም። በ1923 ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1948 ተሻሻለ፤ በ1979 ሌላ መጣ፤ በ1987 ደግሞ አሁን ያለው። የመጣ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። በ1948ቱ ላይ ብቻ የነካውም ጠያቂውም ያው አንድ ንጉሠ ነገሥት ስለነበሩ ጥያቄው በጨዋነት ታልፏል።

ግን እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው፤ ምክንያቱም የምር ያናድደኛል። መኪናው ሊብሬ አለው፣ ቦሎ አለው፤ የማን እንደሆነና ግብር መክፈሉን የሚናገር ማኅተም ሞልቶታል። ቴስታታው ስንቴ ወርዶ እንደተመለሰ፣ ፖምፓው ከየትኛው መኪና ተነቅሎ እንደመጣ የሚናገር አንዲት የተጻፈች መስመር ግን የለችም። ያ ሁሉ ዕውቀት አንድ ሰው ራስ ውስጥ ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ ወይ ቦታ ቀይሯል፣ ወይ አረብ አገር ሄዷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርመራ ከአዳም ይጀምራል፤ የአዳምን ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነኝ። ጥያቄውም ቢሆን መልስ ፈልጎ የሚጠየቅ አይደለም። ነገ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ቢል «ድሮም የነካኩት ነው ብዬህ ነበር» ለማለት ነው። የሠራውን ሥራ በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ «ይሄን የነካሁት እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ባገኝ የጠየቀኝን እከፍለው ነበር።

ይህን ስል ሰዎቹ ሙያ የላቸውም ማለቴ አይደለም። መለዋወጫ የሌለውን ዕቃ ከሌላ ነቅሎ፣ አልገባ ሲል ሞርዶ፣ በተቀደደ ካላማዳሪ አስሮ የሚያስነሣ እጅ ይከበራል። አሁን መኪናው ይነሣል። ለሙከራ መገናኛ ድረስ ወስጄው ቀስ ስል አንዲት እናት በሩን ከፍተው ገቡና «ፒያሳ ነው አይደል?» አሉ። አደረስኳቸው። ሒሳብ ሊከፍሉ ቢሉ እንቢ አልኩ፤ ተጠራጠሩኝ።

የቀረው ከ500 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። የባለቤቴ አባት አይጨነቁም፤ ድሬዳዋ በ1895 ባቡር ደርሶባት የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች «እዛ መካኒክ ሞልቷል» ይላሉ። እኔን ያሳሰበኝ እዛ እስኪደረስ ያለው ነው። እስከ አዳማ ፈጣን መንገዱ አለ። መተሃራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ሲያስቸግር ኖሯል፤ እሱንም ማን እንደነካው ያከራክራል፣ የመስኖው ውሃ ነው የሚሉ አሉ። ከአዋሽ ሙቀት ወጥቶ የአሰበ ተፈሪን ዳገት ሲጀምር ቴርሞስታቷ ኖረች አልኖረች የሚታወቀው እዚያ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን ነገሩን ጨርሰውታል። በሰላም ከደረስን ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስለዋል፤ አብረውን ሊሄዱም ነው። ጋቢናው መሐል፣ ሞተሩ ላይ እቀመጣለሁ ብለዋል፤ ሙቀቱ ለወገባቸው ይስማማል። ታዲያ ባለቤቴ ካርታ አይታ አንድ ነገር አነሣች። ቁልቢ ከድሬዳዋ በፊት ነው። የደንገጎ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ፍሬን የሚፈተንበት፣ የሚመጣው ከቁልቢ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁልቢ ስንደርስ ስለቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ጃንጥላው እዚያ ከተሰጠ ለደንገጎ ምን ይቀራል? አማቴ ትንሽ አሰቡና ሁለት ጃንጥላ ይገዛ አሉ፤ አንዱ ለቀብድ። አባቷ ደግሞ ሁለተኛውን ለማድረስ ያንኑ ዳገት ተመልሶ የሚወጣው በየትኛው መኪና እንደሆነ ጠየቁ። እስካሁን ክርክር ላይ ናቸው፤ ፍራሾቹም ገና ፖርቶመጋላው ላይ አልታሰሩም።