ነፋስ መውጫ ላይ የዘለለው ብልጭታ

የትንኝ ራኬት ይዞ ነፋስ መውጫ መግባት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር አድርገን ወደ ጋይንት ስንወጣ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ራኬቷን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እዚያ ብርዱ ለሰውም አልተመቸ፣ ትንኝ ምን ልታደርግ ትመጣለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ የፈለግሁት እጀታዋ ውስጥ ያለችውን አውራ ጣት የምታክል ሰሌዳ ነበር።

ያቺ ሰሌዳ ሁሌም ትደንቀኛለች። ከሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚመጣውን 3 ቮልት ትራንዚስተሩ ቶሎ ቶሎ እየቆራረጠ ለትንሽ ትራንስፎርመር ያቀብላል፤ ከዚያ ዳዮዶችና ካፓሲተሮች እየተቀባበሉ ይቆልሉትና 2,000 ቮልት ገደማ ያደርሱታል። ኮክሮፍትና ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1932 ካምብሪጅ ውስጥ የአቶምን እምብርት የሰነጠቁት በዚሁ በመቆለል ዘዴ ነበር።

ለስላሳ ሮቦትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሞተር የለውም፤ ጡንቻው ስስ ላስቲክ ነው። የላስቲኩ ሁለት ፊት ካርቦን ተቀብቶ ከፍተኛ ቮልት ሲሰጠው ፊቶቹ ይሳሳባሉ፤ ላስቲኩ ይሳሳና ወደ ጎን ይሰፋል። በአሜሪካ የኤስአርአይ ተመራማሪዎች ላስቲክ በዚህ መንገድ ከእጥፍ በላይ እንደሚለጠጥ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳይተዋል። የሚፈልገው ከረንት ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ቮልቱን የሚሰጠው ሳጥን ግን ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ሮቦቶች እንደ ጥጃ በገመድ ታስረው ይኖራሉ። የእንዲህ ያለ ሮቦት ቪዲዮ ያሳየሁት የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝም «ጋሼ፣ ገመዱ ካለቀ የት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ራኬቷን ያስያዘኝ ይህ ጥያቄ ነበር።

ነፋስ መውጫ፣ አክስቴ ቤት፣ ከልጁ ጋር ሆነን መኪና ላይ ጽሑፍ የሚለጠፍበትን ግልጽ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በክብ ፍሬም ላይ ወጠርን። እርሳስ ፈጭተን በዘይት ለውሰን መሐሉን በሁለቱም ፊት ቀባነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቁልፉን ስጫን ፕላስተሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሰሌዳዋ ላይ ግን ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ከካፓሲተሩ አንድ እግር ወደ ሌላው ዘለለ። አክስቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «መብረቁን ከቤቴ አውጣልኝ! ከሰማይ የሚመጣው አይበቃንም?» አሉ። ጎረቤቱም ቡናውን ሳይጨርስ ተበተነ።

ይቺው ሰሌዳ ባሕር ዳር ላይ ደህና ነበረች። ነፋስ መውጫ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ቢሆን ነው። በሁለት እግሮች መካከል ብልጭታን የሚያግደው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታው ይደፍራል። የዚያ ቀን ጉምና እርጥበትም ሳያግዘው አልቀረም። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መለኪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ክፍተቱ እንዲሰፋ ያዛል፤ 3,000 ላይ በ1.14 ይባዛል። ሰሌዳ የሚያሳንስ ሰው ደግሞ እግሮቹን ያቀራርባል። አዲስ አበባን ጨምሮ ደጋችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትሩ መስመር በላይ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ተሞክሮ ያነሰ ዕቃ እኛ ዘንድ አንሷል ለማለት ይከብደኛል። ይህን ነገር ሰሌዳ የሚነድፉ ልጆቻችን ከመጀመሪያው እንዲያስቡበት አጥብቄ እፈልጋለሁ።

መድኃኒቱ ከአክስቴ ጓዳ ወጣ። ለጧፍ ያስቀመጡትን ሰም ለመንኳቸውና ሰጡኝ፤ አቅልጠን፣ ካፓሲተሮቹን አራግፈን፣ ሰሌዳዋን ነከርናት። ሰም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በእግሮቹ መካከል የነበረውን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይናው ለስላሳ ሮቦት 10,900 ሜትር ጥልቀት ወርዶ የሠራውም ኤሌክትሮኒክሱ ተበታትኖ በሲሊኮን ውስጥ ስለተቀበረ ነው፤ እዚያ ጠላቱ የውኃ ግፊት ነበር።

ማግስቱን ጥቁሩ ክብ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሰፋ፣ ሲለቀቅ ተሰበሰበ። አክስቴ ደጋግመው አስጫኑን።

ክብደቱ ግን አልተፈታም። ጡንቻችን ባትሪውንና በሰም የከበደውን ሰሌዳ ሊጎትት አይችልም። የሎዛን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1 ግራም በታች የሆነች ነፍሳት መሰል ሮቦት ከነባትሪዋ ያስኬዱት ላስቲኩን እጅግ አሳስተው ቮልቱን ወደ 450 በማውረድ ነው። የእህቴ ልጅ ወደሚማርበት ስማዳ፣ ወገዳ፣ ራኬቷን ይዞ ወርዷል። ፕላስተሩን አብልጦ ሲወጥረው ከጠርዙ እየተቀደደ አስቸግሮታል፤ አሁን ፍሬሙን ከቀርከሃ እየሠራ ነው።