በሬ ከነፍሬሙ

ሥዕል የሚያደንቅ ሰው ሞልቷል፤ የሚገዛ ነው የጠፋው። አክስቴ ግቢዋን ለቅቃ ልጇ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ የሟች አጎቴን ትልቁን ሥዕል «ሸጠህ ገንዘቡን አምጣልኝ» ብላ አስታቀፈችኝ። ወርቅማ ቅብ ፍሬም የገባ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው፤ አቧራ እንዳይነካው ብላ መስታወት አስደርጋበታለች። ክብደቱ የትንሽ ቁም ሳጥን ያህላል።

አጎቴ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ሰዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ እሱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከብት ያግድ ነበር። ኋላ ከተማ ገብቶ የጸጉር ቤት ታፔላ እየሣለ እጁን አፍታታ። ለዚህም ነው መሰል የሥዕሉ ገበሬዎች በሙሉ ጸጉራቸው በወጉ ተከርክሞ፣ ጢማቸው ተስተካክሎ የሚያርሱት።

በግራ በኩል እርሻ ነው። በቀኝ በኩል አውድማ ላይ ጤፍ ይወቃል። መሀሉ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ አንድ ፍሬም ውስጥ በሰላም ይኖራሉ። ከወዲያ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው በበቅሎ ይመጣል። በነባሩ አሳሳላችን ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። አጎቴ ይህችን ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለቅሞ አጥብቆ ይዟታል። ገበሬው ሁለት ዓይን አለው፤ ግብር ሰብሳቢው አንድ። በቅሎዋ ሁለት ተሰጥቷታል፤ እሷ ምን አደረገች! ግራ የሚያጋባው ጥማዱ ነው። ቦራው ዞሮ በሁለት ዓይኑ ሲያየን፣ ዳለቻው ባለ አንድ ዓይን ነው።

አክስቴን ጠየቅኋት።

«ዳለቻ ነዋ! በልጅነቱ ወግቶታል» አለች። «ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለውም።»

መጀመሪያ አንድ ጋለሪ ወሰድኩት። ወጣቷ ባለሙያ መነጽሯን አውልቃ አየችው፣ አድርጋም አየችው። «የት ነው የተማሩት?» አለችኝ። «ታፔላ ላይ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የተወያየነው ስለ መስታወቱ ብቻ ነው፤ ዘይት ቀለም መተንፈስ ስላለበት መስታወት አይደረግበትም አለችኝ። ለአክስቴ ብነግራት «ባለቤቱ መተንፈስ ካቆመ ስንት ዘመኑ!» ብላ ዘጋችኝ።

ፍሬም ቤቱ ሰውዬ የተሻለ ነጋዴ ነበር። ሥዕሉን ቀና ብሎም ሳያይ ገልብጦ ጀርባውን አንኳኳ፣ ማዕዘኖቹን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። «እንጨቱ የድሮ ነው፤ 1,500 ብር እሰጥሃለሁ። ሥዕሉን ይዘኸው መሄድ ትችላለህ፤ አልፈልገውም።» ተናድጄ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፒካሶ ፓሪስ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የአንሪ ሩሶን ሥዕል በ5 ፍራንክ ሲገዛ፣ ሻጩ «ሸራው ደህና ነው፤ ላዩ ላይ ትሥልበታለህ» ብሎታል ይባላል። ሩሶም ትምህርት ቤት ያልገባ ሰዓሊ ነበር፤ ሥራው ከተማ በር ላይ ቀረጥ ማስከፈል። አጎቴ ቢሥለው ኖሮ አንድ ዓይን ብቻ ነበር የሚሰጠው።

ቀጥሎ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት። ስልኬ ያለ ዕረፍት ጮኸ። «ሶፋው ስንት ነው?» ይላል ሁሉም። ሥዕሉን ያስደገፍኩበትን ሶፋ ማለታቸው ነው። ሶፋው ተሸጠ። አሁን ሥዕሉ መሬት ላይ ነው፤ እኔም መሬት ላይ ነኝ።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ወሬውን ሰምቶ ደወለ። «እንዳትሸጠው!» አለኝ። ግራንድማ ሞሰስ የሚሏት የኒውዮርክ ገጠር ገበሬ ሴት በሰባዎቹ ዕድሜዋ ራሷን አስተምራ መሣል ትጀምራለች። በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ሰብሳቢ ሥዕሎቿን መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አየ፤ ትንሹ 3 ዶላር፣ ትልቁ 5። በ2006 በዚያው አቆጣጠር ከሥዕሎቿ አንዱ 1.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። «ታዲያ እስከዚያ እናትህን ማን ይቀልባት?» አልኩት። መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል።

ሥዕሉን ከልቡ ያየው የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ነው። ባትሪውን አብርቶ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ አርሶ ያውቃል» አለኝ። «ሞፈሩን ከቀንበሩ በምራን ነው ያሰረው። የከተማ ሰዓሊ ቢሆን ገመድ ነበር የሚያደርግበት።» ዝቅ ብሎ እርፉን አየ፣ ድግሩን ቆጠረ። «በእርሻ ወቅት አደይ አበባ ግን ማን አሳየው?»

በመጨረሻ ሰው ያመጣልኝ የቤት ደላላ ነው። ስልክ ላይ «ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው?» ብሎ ስለጀመረኝ ተስፋ አላደረግኩበትም ነበር፤ ግን ሥጋ ቤት ያለው ደንበኛ ይዞ ከች አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሥዕሉን ሳይሆን በሬዎቹን ገመገመ። «የዳለቻው ሻኛ ያምራል» አለ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «ሰው ጥሬውን እየቆረጠ በሬ ሁለት ዓይኑን ሲያፈጥበት ደስ አይልም። ዳለቻው ግድ የለውም፤ ወደዚያ ያያል። የቦራውን አንድ ዓይን ማጥፋት አይቻልም?»

«ቦራው ምንም አላጠፋም» አልኩት። «በሐሰት ልመሥክርበት?»

ዓይኑ እንዲቀር ከ20,000 ወደ 12,000 ወረድኩ። 7,000ውን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ የቀረውን 5,000 በሥጋ ልክፈልህ አለ። አክስቴ በስልክ «ከሻኛና ከዳቢት ካልሆነ እንዳትቀበል!» ብላ አጽድቃለች። ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን ሲያሰላ ሥጋውንም ደምሮ 240 ብር በጥሬው ወሰደ። ስንጨባበጥ የቅበላ እሑድ ምሽት ነበር፤ ሥጋ ቤቱ ደጅ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። ባለ ሥጋ ቤቱ ሥዕሉን ለአስተናጋጁ አሸከመና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«በል ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ በፈለግህ ሰዓት መጥተህ አስቆርጥ።»