ባዶው ወንበርም ተመልካች ነው

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ ቡድን 10,000 ያህል ሰው የሚይዘውን ማሪዩቺ አዳራሽ መሙላት ለዓመታት አሳስቦት አያውቅም ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን አስተዳዳሪዎቹ ቡድኑን ወደ ቢግ ቴን የሆኪ ሊግ አሻገሩት። ደጋፊው ከልቡ የሚጠላው፣ ስለዚህም ከማንም በላይ ጨዋታው እንዲያመልጠው የማይፈልገው የሰሜን ዳኮታ ቡድን ለጥቂት ዓመታት ከመደበኛው መርሐ ግብር ጠፋ። ጥሩ ወንበር የፈለገ ደግሞ ከትኬቱ ሌላ «መዋጮ» ተጠየቀ። ዕቃው ሲቀንስ ዋጋው ከጨመረ ገበያተኛ ምን እንደሚያደርግ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው። ደግነቱ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የሚነገረው የተመልካች ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሸጠ ትኬት እንጂ የገባ ሰው አይደለም። ባዶው ወንበርም ተመልካች ተብሎ ይቆጠራል፤ ያውም ዳኛ የማይሰድብ ጨዋ ተመልካች።

«ወንበሮቹ ባዶ ለመቅረታቸው ጥፋቱ የብርዱና የቴሌቪዥኑ ነው» የሚሉ አሉ። ብርዱ እኮ አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላም ነበር፤ ጨዋታውን ሳሎን ድረስ የሚያደርሰው ጣቢያም ሊጉ ራሱ ባለድርሻ የሆነበት ነው። «ታዲያ ያለ መዋጮው ሌሎቹን ስፖርቶች የሚደጉመው ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚልም መልሱ አጭር ነው፦ ባዶ ወንበር ፈንዲሻ አይገዛም፣ የመኪና ማቆሚያ አይከፍልም፣ ልጁን አስከትሎም የነገን ደጋፊ አያመጣም።