እሱማ ፊልም ነው!

በከተማችን በመርሳ የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያላየ ሰው የለም። ያየውን ሰው ግን አላገኘሁም። ስሙ በተነሳ ቁጥር ቡና ላይ ያለው ሁሉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እሱማ ፊልም ነው!» ይላል። እኔም ስንት ዓመት ነቀነቅሁ።

በቀደም የእህቴ ልጅ በፍላሽ ይዞት መጣና ጎረቤት ተጠራራን፤ እትየና አባየም መጡ። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲያዩ እትየ፣ «ምነው፣ ቴሌቪዥንሽ ቀለም ጨረሰ?» አሉኝ። «የድሮ ፊልም እኮ ነው» ብየ አስረዳሁ፤ ሪሞቱን ግን ደበቅ አድርጌ ሁለት ጊዜ ተጫንኩት።

ፊልሙ የንጉሡ ዙፋን በሚናወጥበት ሰሞን በሁለት ሳምንት ተቀርፆ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እኛ ለማየት 50 ዓመት ገደማ ፈጀብን። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ በእኛ ልክ አቦል ላይ ገበሬው ተነሳ፣ ቶና ላይ በሬ ጠመደ፣ በረካ ላይ ገና ያርሳል። እትየ ቶናውን ሳይጨርሱ አንኮራፉ። አባየ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ጥበቡ ገባቸው ብለን ስንደነቅ፣ «ይሄ ሰው እርፉን እንዲህ ከያዘ ትልሙ ይጣመማል» አሉ።

ፊልሙ ላይ ከበበ የሚባለው ሰው ሲመጣ ተነቃቃን። ጣሊያንን ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ፣ እብድ እየተባለ ባላባቱን በነገር የሚሸነቁጥ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ፣ «ፊልሙን በ2006 እ.ኤ.አ. ያደሱት ቦሎኛ ያሉ ጣሊያኖች ናቸው» አለን። አባየ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ካሳው አሁን ገና ደረሰ በሉኛ!» አሉ።

ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተጎልቶ አሽከሩን ሲያመናጭቅማ እኔ በሳቅ ሞትኩ። «አየ ጌትዮው! መቀመጫውን ሳያነሳ አገር ያዛል!» እያልኩ ጉሮሮየ ደረቀ።

«አንች ልጅ! ውኃ! ምን ይጎትትሻል?»

ቤቱ ጭጭ አለ። ልጅቱ ብርጭቆውን አቀብላኝ አንዴ ባላባቱን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ወንበሬን አየሁ።

በእፍረት ተነስቼ ሲኒውን ራሴ ላጥብ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ፊልሙ አልቋል።

በማግስቱ ገበያ ላይ እትየን ሰው ከበባቸው። «እሱማ ፊልም ነው!» ይላሉ። ዞር ብለው፣ «አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ምን ላድርግ፣ ነቀነቅሁ።