ስንቅና ሰንሰለት

ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ሐበሾች ተራራውን የምናውቀው በአብዛኛው በሩቁ ነው። ከገበያው መኪና ማቆሚያ ቀና ሲሉ በስተ ምዕራብ ነጭ ለብሶ ይታያል። «እንዴት ያምራል!» እንልና አስቤዛችንን ጭነን ወደ ቤት። በረዶ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ መሄድ አይገባንም፤ በራችን ድረስ በነጻ መጥቶ አካፋ የሚያስይዘን ነገር ነዋ! በእኛም ቤት ይህ ክርክር ለዓመታት ሲረታ ኖሯል። ዘንድሮ ግን ልጆቹ «ከክፍላችን ብሬከንሪጅን ያላየን እኛ ብቻ ነን» የሚል ክስ ይዘው መጡ። የልጅ ክስ ይግባኝ የለውም፤ ለፈረንጅ ገና እረፍት እንድንሄድ ተፈረደብን።

ብሬከንሪጅ ከዴንቨር 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሮኪ ተራሮች መካከል 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1859 የቆረቆሯት ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው። ወርቁ ሲመናመን ሌላ ሀብት ከሰማይ ወረደላት፤ ከ1961 ጀምሮ ሰው በገመድ ወንበር ሽቅብ እየወጣ፣ በስኪ ቁልቁል እየተንሸራተተ ይከፍላታል። ይህን ለአማቴ ሳስረዳ ጥቂት አሰቡና «መልሰው ለሚወርዱት ምን አወጣቸው?» አሉ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

አማቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው። ስለ ጉዞው ብርድ ላስጠነቅቃቸው ስሞክር «ልጄ፣ እኔን ስለ ብርድ አታስተምረኝ» ብለው አስቆሙኝ። እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋው ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት። ዴንቨር በበኩሏ በአንድ ማይል ከፍታዋ ስለምትኮራ ማይሉን ቅጽል ስሟ አድርጋዋለች። ማይሉን ወደ 1,609 ሜትር መንዝሬ ብነግራቸው ደነገጡ። «እንግዲያ እስካሁን የከረምኩት ቆላ ነዋ!»

ከፍታዋ ከብሬከንሪጅ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ ኮሎራዶ ግን ወደ ሰሜን ራቅ ስለምትል የክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዞራ ቶሎ ትገባለች፣ በረዶውም ሳይቀልጥ ይከርማል አልኳቸው። «የዚህ አገር ፀሐይም ሰዓት ቆጥራ ነው የምትሠራው?» ብለው ወደ በሶአቸው ተመለሱ።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾሙ የነቢያት ነው። በዚያ በፈረንጅ ከተማ የጾም ምግብ ከየት ይገኛል? አማቴና ባለቤቴ ዝግጅቱን ከዚህ ጥያቄ ጀመሩ። በሶ ተፈጨ፤ ዳቦ ቆሎ ተጠበሰ፤ ገብስና ሽምብራ ታመሰ፤ ሽሮ ተቋጠረ፤ እንጀራ ታጥፎ በላስቲክ ተጠቀለለ። ጀበናው በፎጣ ተሸፍኖ ሲቀርብ፣ እጣኑን ግን የሆቴሉ የጭስ ደወል እሳት አደጋ መኪና ይጠራብናል ብዬ በብዙ ልመና አስቀረሁ። የምንቆየው ቅዳሜና እሑድን ነው። ስንቁ ግን አድዋ ያደርሳል።

በዚህ መካከል ነው ትራክ የሚነዳው ወዳጄ የመጣው። ይህ ሰው ወደ ተራራው በሚወስደው አይ 70 አውራ ጎዳና ላይ በጭነት መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ነው። ሻንጣውንም ስንቁንም አላየም፤ በቀጥታ ወጥቶ ጎማው ሥር ተንበረከከ። ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ሕግ አለ አለን። የጎማው ጥርስ ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ማነስ የለበትም፤ ጎማውም ለበረዶ የተሠራ፣ አለዚያም መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ ሰንሰለት መያዝ ግድ ነው። ያላሟላ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ ተንሸራቶ መንገድ የዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ።

«ሰንሰለት?» አሉ አማቴ። «መኪናው ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?»

ወዳጄ ሳቁን ሲጨርስ ሰንሰለቱን ጋራዡ ውስጥ በሙቀት አስለማመደኝ። ጣት በደነዘዘበት፣ መኪና በሚያልፍበት ጥግ ተንበርክኮ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ቅጣት ነው ይላል። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ በማይረጋው ዓይነት አስቀየረ። ብርድ ጎማንም ያከሳዋል፤ የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር ግፊቱ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል ብሎ ነፋበት። ከዚያ የልጆቹን ልብስ መረመረ። ጂንሱን «ጥጥ ከረጠበ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም፤ ሱፍ ፈልጉ» ብሎ ጣለው።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ተነሡ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያን ከአገር የተሸከሙትን፣ «ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል» ተብሎ የተሰቀለውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አወረዱ። ማንንም አልወቀሱም። ሻንጣዎቹ ላይ ደልደል አድርገው አነጠፉትና ቡናቸውን ሊያፈሉ ገቡ።

ወዳጄ «ቅዳሜ ጠዋት ስኪ ወጪው መንገዱን ሳይሞላው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ውጡ» ብሎ ነበር። በ11 ሰዓት ተነሣን። ቡናው እስከ ሦስተኛው ደረሰ፤ በረከቱን ትቶ የሚሄድ የለም። ስንወጣ ፀሐይ ሞቃ ነበር።

አይዳሆ ስፕሪንግስን አለፍን። ጆርጅታውንን አለፍን። ከፍ እያልን ስንሄድ የልጆቹ የቺፕስ ከረጢት ተነፍቶ ሊፈነዳ ደረሰ። በውጭ ያለው አየር ሲሳሳ በውስጡ የታሸገው ይወጥረዋል። አማቴ ግን «ከመጀመሪያውም ንፋስ ነው የሸጡላችሁ» አሉ። ከዚያ በረዶው ወፈረ፤ መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። ከፊት አንድ ባለ ስስ ጎማ ተንሸራቶ መንገዱ ላይ ተጋድሟል አሉ። ለወዳጄ ደወልኩ። «ሞተሩን እያጠፋህ አስነሣ፤ ስታስነሣ ደግሞ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን በረዶ እንዳይደፍነው እይ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ይገድላል» አለኝ።

ያ ብርድ ልብስ ልጆቹ ላይ ተዘረጋ፤ ስለ መኮስኮሱ ያነሣ የለም። በሶው ተበጠበጠ። ከጎናችን የቆመው መኪና አናቱ ላይ ውድ ስኪ ጭኗል፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ወጣቶች ግን የሚቀምሱት አልነበራቸውም። አማቴ መስኮት አስከፍተው ዳቦ ቆሎ ዘገኑላቸው። ወጣቶቹ አንድ ሁለቱን በጥርጣሬ አላመጡ፤ ከዚያ እፍኛቸውን ዘረጉ።

መንገዱ ሲከፈት አይዘንሃወር ዋሻ ገባን። በ1973 የተከፈተ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተፈለፈለ ነው እያልኩ ሳስጎበኝ፣ ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ሲመላለሱ የኖሩት አማቴ ግድግዳውን አዩና «ጣሊያን እዚህም መጥቶ ነበር?» አሉ።

ብሬከንሪጅ ስንደርስ ዴንቨር የተወለዱት ልጆች ራሳቸውን አመማቸው፤ ባለቤቴም ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አማቴ ሻንጣቸውን ራሳቸው ይዘው ወጡ፤ «ይኼ ነው እንግዲህ አየር ማለት!» እያሉ።

ለክረምት መንገደኛ የሚመከረው ዝርዝር ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የማይበላሽ ደረቅ ምግብ፣ ባትሪ፣ አካፋና ሰንሰለት ነው። ከዚህ ገሚሱን የሀገራችን መንገደኛ አውራ ጎዳና ሳይኖርም ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ተራራ የምታቀኑ ሁሉ፣ ጎማችሁን አስመርምሩ፤ ነዳጃችሁን ሙሉ፤ ሰንሰለቱን ቤታችሁ ተለማመዱ። ስንቁን ግን ለእናቶች ተዉላቸው፤ በዛ ብላችሁም አትከራከሯቸው።