እማማ ታይንና መዶሻው

ተረት ተረት! የላም በረት!

በእንግሊዝ አገር፣ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ታይን የምትባል ወንዝ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 አንድ መዶሻ ወደ ዳርቻዋ መጥቶ፣ «እማማ ታይን፣ ጃሮ በምትባለው መንደር ልረፍ?» አላት።

«እረፍ ልጄ፤ ሥራ ፈት ግን አልወድም።»

መዶሻው የፓልመር ወንድማማቾች ነበር። በዚያው ዓመት «ጆን ቦውስ» የተባለችውን የብረት መርከብ ሠራ፤ ነፋስ ሳትለማመጥ፣ 650 ቶን ድንጋይ ከሰል ይዛ በእንፋሎት ለንደን ገባች። የመዶሻውን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ አየርላንዳዊው ሳይቀር፣ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። መንደሯ ከተማ ሆነች። በ1875 ደግሞ ቻርልስ ፓልመር የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነ። አሠሪና ሿሚ አንድ ሰው ሲሆን፣ የከተማው እንጀራም ከአንድ መዶሻ ሲንጠለጠል ማንም አልደነገጠም። እኔ የመከራውን ሥር የማየው እዚህ ላይ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትእዛዝ እየሳሳ ሄደ። በ1930 የየወንዙ ትልልቅ መዶሻዎች ተሰበሰቡ። «ገበያው ጠቧል፤ እኛ በዝተናል። ጥቂቶቻችን ዝም ይበሉ» ተባባሉ። «እኔ ዝም ልበል» ያለ አልነበረም። ገንዘብ አዋጡና የደከመውን እየፈለጉ ይገዙ ጀመር። በ1934 የጃሮውን ገዙት፤ በዚያ ዳርቻ ለ40 ዓመት መርከብ እንዳይሠራም በውል አሰሩት።

«ካልሠሩብህ ለምን ገዙህ?» አለችው ታይን።

«እንዳልሠራ ነው የገዙኝ፣ እማማ።»

ጃሮ ውስጥ አባት ከልጁ ጋር እኩል ቤት ዋለ። በኦክቶበር 1936 ግን 200 ወንዶች ተነሡ። ከ11,000 በላይ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ በእንጨት ሳጥን ይዘው፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ወደ ለንደን ሄዱ። የከተማዋ የፓርላማ ተወካይ ኤለን ዊልኪንሰን አብራቸው ተጓዘች፤ አንድ ውሻም ተከተላቸው። በየመንገዱ የማያውቃቸው ሰው አበላቸው፣ አሳደራቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን ግን አላነጋግርም አለ። ምክር ቤቱ ሳጥኑን ተቀብሎ ለጥቂት ደቂቃ ተነጋገረና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ሰዎቹ በባቡር ተመለሱ። የሥራ አጥ ድጎማቸው ተቀንሶ ጠበቃቸው። የድጎማው ቢሮ ጸሐፊ ምክንያቱን ነገራቸው፦ «መንገድ ላይ ሳላችሁ ሥራ ቢመጣ ኖሮ አትገኙም ነበር።»

ታይን ይህን ሰማችና ከዳርቻው ጮኸች፦ «የቱ ሥራ?»