30 ሰዓት በጎ ፈቃድ

በአገራችን በጎ ፈቃድ ግዴታ ያልሆነበት ዘመን ትዝ አይለኝም። ታላቅ ወንድሜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ ከ1957 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወጣ አንድ አሠራር ነበር፤ ተማሪው አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ካላገለገለ ዲግሪ የለም። ወንድሜ እያጉረመረመ ሄደ፣ አስተማረ፣ እያጉረመረመ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ስለዚያች ዓመት ነው። እኔ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ታኅሣሥ 1967 ላይ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ካኪያችንን ለብሰን ገጠር ወረድን። አልዘምትም ያለ ትምህርትም ሥራም እንደማያገኝ በግልጽ ስለተነገረን ፈቃዳችን እጅግ በጎ ነበር።

አሁን ተራው የልጅ ልጄ ሆነ። ትምህርት ቤቷ 30 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያልሞላ ከ11ኛ ክፍል አያልፍም ብሏል። ልዩነቱ፣ ለእኛ የተሰጠን ካኪ ነበር፤ ለእሷ የተሰጣት ሊንክ ነው። ማኅበረሰብን ማገልገል እንዴት እንደሚጀመር መጀመሪያ በኦንላይን ትማራለች፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ትፈተናለች፤ ሲያልቅ ሰርተፍኬት ይወርድላታል፤ ከዚያ ወደ ማኅበረሰቡ ትሄዳለች። ማኅበረሰቡ የሚኖረው ከእኛ በር ሦስት እርምጃ ርቆ ነው።

ለስክሪን ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ የቀረውን ዓመት በእናቷ ስልክ፣ በቴሌግራም በሚላክ የቤት ሥራ ነው የገፋችው። ሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመርም ተመዝግባ ሰርተፍኬቷን ይዛለች። እናቷ አሳትማ፣ በፍሬም አስገብታ፣ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ከጌታችን ሥዕል ዝቅ፣ እኔ በጡረታ ስሰናበት ከተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት ግን ከፍ አድርጋ።

ትምህርቱን አብሬያት ተከታተልኩ። ፈጥኖ የሚናገር፣ ጥርሱ ነጭ የሆነ አንድ ፈረንጅ «በሠፈርህ ያለ አንድ ችግር ምረጥ» ይላል። ምሳሌ ሲሰጥ፣ ቆሻሻ የተጣለበት መናፈሻና ባለቤት የሌላቸው ውሾች አለ። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ተመለከተች። የእኛ ኮንዶሚኒየም መናፈሻ የለውም። ውሾቹ ባለቤት የላቸውም፤ ግን ሌሊት ብሎኩን በነፃ የሚጠብቁት እነሱ ስለሆኑ ችግር ብሎ የሚያስባቸው የለም። እንዲያውም ከፈረንጁ ትርጉም ጋር ሳስተያየው፣ በግቢያችን እውነተኛ በጎ ፈቃደኞች እነሱ ብቻ ናቸው።

ምዕራፍ ሁለት የፍላጎት ዳሰሳ ነው። ልጅቷ ጎግል ፎርም አዘጋጅታ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። «በአካባቢዎ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ማኅበራዊ ተግዳሮት ምንድን ነው?» አንዱ «ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ መለሰ። ሌላዋ ከላይኛው ፎቅ ምንጣፍ የሚያራግፉ ሰዎችን አደብ የሚያስገዛ ፕሮጀክት እንዲነደፍ ጠየቀች። ሦስተኛው የአበባ ሥዕል ያለበት «እንኳን ለወርኃዊው ቅዱስ ሚካኤል በሰላም አደረሳችሁ» ላከ። ከዚያ ዝም።

«አባባ፣ ዳሰሳው ፌል አደረገ» አለችኝ።

«ልጄ፣ እሑድ እድር መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ነው፤ ውረጂና በአፍሽ ጠይቂ» አልኳት።

ወረደች። ጸሐፊው ደረሰኝ ይቆርጣል፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ይዘዋል። ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ «ምን ችግር አለባችሁ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። በመጨረሻ አንዲት እናት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ። ይህ የእነሱ የፍላጎት ዳሰሳ ነው። የእናቷ ስም፣ የእኔ ስም፣ ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ማን ማን እንደጠየቃት ተነሥቶ ማንነቷ ከተጣራ በኋላ ጉዳዩ ራሱ መፍሰስ ጀመረ።

ጉዳዩ ስልክ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ልጆች ገንዘብ የሚልኩት በስልክ፣ የመብራት የሚከፈለው በስልክ፤ እድሩም መዋጮውን በስልክ ሊቀበል እያሰበ ነው። እናቶቹ ግን ስልካቸውን ለባለ ሱቁ ልጅ ይሰጡታል፤ «ሚስጥር ቁጥርዎ ስንት ነው?» ሲላቸው፣ ዳቦ የሚገዛው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ይነግሩታል። አንዷን ደግሞ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ «እማማ፣ በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ብሏቸው፣ ልጃቸው ከዱባይ የላከችውን በአንድ አፍታ አራግፎ ወስዶታል። ሴትዮዋን ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባቸው፣ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ሰውዬውን መመረቃቸው ነው።

ፕሮጀክቱ በዚህ ተወለደ። የልጅ ልጄ አራት የክፍል ጓደኞቿን ሰብስባ ፕሮፖዛል ጻፈች። «ዲጂታል» እና «ኢምፓወርመንት» የሚሉ ቃላት ያሉበት፣ ሲነበብ ትንፋሽ የሚያሳጥር ርእስ ሰጠችው። ባለድርሻ አካላት ተዘረዘሩ። «ስጋቶች» በሚለው ክፍል «የተሳታፊዎች ፍላጎት ማነስ» ብላ ሞላች። እውነተኛውን ስጋት የሚያውቅ የእድር ሰው ቢጠየቅ ኖሮ «ቡና» ብሎ ይጽፍላት ነበር፤ ቡና መቆላት ከጀመረ በዚህ አገር ማንም ስክሪን አያይም።

የመጀመሪያው ትምህርት በዙም ይሁን ተባለ፤ ሥልጠናው ለተደራሽነት ይበጃል ይላላ። ከእናቶቹ ግማሾቹ የታዩት በጣሪያቸው፣ የቀሩት በጆሯቸው ነው። «ይሰማል?» ስትላቸው አንዷ «አይሰማም» ብለው መለሱ። እንዴት እንደመለሱ እስካሁን እንመራመራለን። ከዚያ መብራት ጠፋና ሁላችንም እፎይ አልን።

ቀጣዩ ቅዳሜ ኮሚናሉ ውስጥ ሆነ፤ ለቅሶም ሠርግም ቅርጫም የምናካሂድበት ቤት ነው። እናቶቹ መጡ፣ ቡናው ተፈላ፣ ልጆቹ ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው እንዲህ ነው፦ ስልኩን ከእማማ እጅ ይወስዳሉ፣ አውራ ጣታቸው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል፣ «ይኸው ገባ!» ይላሉ፣ ይመልሳሉ። «ተባረኩ! እደጉ!» ይባላሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንዱ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ሰዓት ይመዘግባል፣ አንዷ ፎቶ ታነሣለች። በዚህ አያያዝ 30ው ሰዓት በሁለት ሳምንት ያልቅ ነበር።

ያስቆሙት እኚያ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነሽ?» ያሉት እናት ናቸው። ልጁ ስልካቸውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«የለም የኔ ልጅ፣ አትንካው። እኔ ማንበብ የተማርኩት በ71ዱ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀበሌ አዳራሽ፣ ማታ ማታ። አስተማሪዬ የእናንተን የሚያህል ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። እጄን ይዞ ይጽፍልኝ ነበር፤ ደብተሬን ብታዩት ያምራል፤ እኔ ግን አንድ ፊደል አላውቅም። ኋላ አንዲት ኩርፍ ያለች ልጅ ተተካች። እርሳሱን ሰጥታኝ እጇን አጣምራ ቁጭ አለች። ያስነበበችኝ እሷ ናት።»

እዚህ ላይ የጡረታ መምህር ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ ኋላ አሥራ አምስት ደርሷል፤ በአውሮፓውያኑ 1980 የዩኔስኮን የማንበብና መጻፍ ሽልማት አስገኝቷል። ዘመኑ ብዙ የሚያጣላን ነገር አለው፤ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው። ሆኖም ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ባልቴት ኮሚናል ውስጥ ተቀምጠው የሰባት ምዕራፍ የኦንላይን ሥልጠናን በአንድ ትንፋሽ አረሙት። የሽልማቱን ሜዳሊያ ከማየት ይህን ማየት እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ መንቀርፈፍ ጀመረ። ኮከብ፣ 127፣ መሰላል። «መሰላሉ የት ነው?» «እታች በቀኝ በኩል።» «ይሄ መሰላል ነው? እኔስ አጥር መስሎኝ።» ሴትዮዋ በራሳቸው ጣት ለጎረቤታቸው 5 ብር እስኪልኩ ሁለተኛው ቡና ወረደ። ብሩ ሲደርስ ኮሚናሉ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ «በይ መልሽልኝ» ቢሏት ጎረቤታቸው «መመለስ ገና አልተማርኩም» አለች። እስካሁንም አልተማረችም።

ልጆቹ ተጨንቀዋል። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ብለው ያቀዱት ሙሉ ቅዳሜ በላ። የልጅ ልጄ ግን ከጓደኞቿ ቀድማ ገባት፤ ስልክ ሲሰጧት እጇን ከኋላዋ ማጣመር ጀመረች። ለዛሬ ልጅ ክፍት ስልክ ፊት እጅን ማጣመር ምን ያህል ጾም እንደሆነ ወላጅ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሪፖርት ነው። «ከፕሮጀክቱ በፊት» እና «ከፕሮጀክቱ በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ይጠየቃሉ። በፊት፦ አንዲት እናት ስልክ ይዘው። በኋላ፦ እኚያው እናት፣ ያንኑ ስልክ ይዘው። ሪፖርቱን ያረመው ሰው «ለውጡ በግልጽ አይታይም» የሚል አስተያየት ጽፎ መለሰላት።

ለውጡ ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ራሱ ደወለ። ያ ትሑት ድምፅ፣ ወይም ወንድሙ፣ ኩርፍ ያለችው ልጅ ወዳስነበበቻቸው እናት ደውሎ «እማማ፣ በስህተት ብር ልኬብዎታለሁና የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ዘጋው። ይህን ፈረንጁ በየትኛውም ምዕራፍ አላስተማረም።

30ው ሰዓት ሞልቷል። ሰርተፍኬቱ ወርዷል፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የእኔ ወረቀት አንድ ደረጃ ወርዷል። ልጅቷ እሑድ እሑድ መውረዷን አላቆመችም፤ ለቡናው ነው ትላለች። ዋናዋ አስተማሪ አሁን እኚያ እናት ናቸው፤ ከሌሎች ብሎኮች ሳይቀር ስልክ ይዘው ይመጡባቸዋል። ለእሳቸውም ሰርተፍኬት ይሰጣቸው ብላ ልጅቷ ብትጠይቅ፣ ሲስተሙ ላይ አልተመዘገቡም ተባለች።

እናንተም ጋ አንድ ቀን ስልክና ቅጽ የያዘ ተማሪ ላገልግላችሁ ብሎ በር ያንኳኳ ይሆናል። ክፈቱለት፣ ቡና አፍሉለት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት፤ ሰዓቱንም ሳትሰስቱ ፈርሙለት። ቁልፉን ግን ራሳችሁ ተጫኑ። ሚስጥር ቁጥራችሁንም ለእሱም ቢሆን አትንገሩ።